አጠራጣሪ ጥቁር ምልክት ለማስመርመር ሲሄዱ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የትኛው ምልክት ነው የሚያሰጋው?

ማርያም የሳመችው የምንለው ምልክት ከልጅነት ጀምሮ ያለና መልኩን ያልቀየረ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ምንም አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ በጉንጭና በዓይን ዙሪያ የሚወጡት ትንንሽ ጥቋቁር እብጠቶችም ካንሰር አይደሉም፤ እናቶችና አክስቶች ፊት ላይ በብዛት ይታያሉ፣ መልክን ካላስጠሉ በቀር ማንም አይነካቸውም።

ሐኪም ዘንድ የሚያስኬደው ለውጥ ነው። በወራት ውስጥ የሰፋ፣ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ቡናማ ወይም ሰማያዊ የሆነ፣ ጠርዙ የተዛባ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር ያለፈ፣ ሳይነኩት የሚደማ ወይም ቆስሎ የማይድን ምልክት ይታይ። ከእነዚህ ሁሉ ሚዛን የሚደፋው ለውጡ ነው። 6 ሚሊ ሜትር ያልሞላ ነገር ግን በ3 ወር ውስጥ እጥፍ የሆነ ምልክት፣ 20 ዓመት ባለበት ከቆየ ትልቅ ምልክት ቀድሞ መታየት አለበት።

ጥቁር ሰውን የቆዳ ካንሰር ይይዘዋል እንዴ?

ይይዘዋል። ከነጮች ጋር ሲነጻጸር በጣም ያነሰ ነው፤ ችግሩ ግን ማንም በማይፈልገው ቦታ መውጣቱ ነው። ሜላኖማ የሚባለው አደገኛው የቆዳ ካንሰር ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ሲወጣ በብዛት የሚገኘው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። እነዚህ ቦታዎች ፀሐይ የማያገኛቸው ስለሆኑ «ፀሐይ ላይ አልውልም» የሚለው ማጽናኛ እዚህ አይሠራም።

ዘፋኙን ቦብ ማርሌይን እዚህ የምናነሳው ለዚህ ነው። በ1997 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ በተዘጋጀው ኮንሰርት 60ኛ የልደት በዓሉ ሲከበር ብዙ ሰው ዘፈኑን አብሮ ዘፍኗል፤ የሞተበትን ምክንያት የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ ተገኘበት፤ በ1981 እ.ኤ.አ. በ36 ዓመቱ አረፈ።

ውስጥ እግር ላይ የወጣ ሜላኖማ ብዙ ጊዜ «ኪንታሮት ነው»፣ «ጫማ ልጦኝ ነው»፣ «እሾህ ወግቶኝ ነው» እየተባለ ይከርማል። አንዳንዱ ጭራሽ ጥቁር ቀለም የለውም፤ ሮዝ ሥጋ መስሎ ይደማል። ደንቡ ቀላል ነው፦ እግር ላይ ያለ ቁስል ወይም «ኪንታሮት» በ2 ወር ሕክምና ካልዳነ ናሙና ይወሰድለት።

ጥፍሬ ላይ ጥቁር መስመር አለ። ልጨነቅ?

ስንት ጥፍር ላይ እንዳለ ይቁጠሩ። በእኛ ቆዳ በበርካታ ጥፍሮች ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የተዘረጋ ቀጭን ቡናማ መስመር የተለመደ ነው፤ ዕድሜ ሲጨምርም ይበዛል። የሚያሳስበው በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ፣ በተለይ በአውራ ጣት ላይ፣ በአዋቂነት ዕድሜ የወጣው ነው፤ ስፋቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ ከሥር በኩል ሰፍቶ ወደ ጫፍ ከጠበበ፣ ጥፍሩን ከሰነጠቀ ይብሳል። ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ዙሪያውን ቆዳ ካጠቆረ ቀጠሮ አያራዝሙ።

በር ወይም ድንጋይ መትቶት ደም የቋጠረ ጥፍርም ይጠቁራል። ልዩነቱን ቤት ሆነው መከታተል ይቻላል፦ ዛሬ ፎቶ ያንሱ፣ ከወር በኋላ ይድገሙት። የእጅ ጥፍር በወር ወደ 3 ሚሊ ሜትር፣ የእግር ጥፍር ደግሞ ከዚያ በግማሽ ያህል ያድጋል። ደም ከሆነ ጥቁሩ ከጥፍሩ ጋር ወደፊት ይሄዳል፤ ከሥሩ ንጹሕ ጥፍር ይወጣል። ካልተንቀሳቀሰ ወይም ከሥሩ አዲስ ጥቁር ከመጣ ደም ነው ብለው አይተዉት።

አዲስ አበባ ውስጥ የት ልሂድ?

ሁለት መንገድ አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካለዎት ከጤና ጣቢያዎ ይጀምሩ፤ ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዱ መድኑ ላይሸፍንልዎት ይችላል። የሪፈር ወረቀቱ ላይ «የቆዳ ችግር» ብቻ ተጽፎ እንዳይወጡ። «እየተለወጠ ያለ ጥቁር ምልክት፣ ሜላኖማ አለመሆኑ እንዲጣራ» ብለው እንዲጽፉልዎ በትሕትና ይጠይቁ፤ ተቀባዩ ሆስፒታል ቀጠሮ ሲሰጥ የሚያየው ይህችን መስመር ነው።

ሌላው መንገድ ቆዳ ሐኪም ያለበት የግል ክሊኒክ ነው። ፈጣን ነው፤ ግን ከመግባትዎ በፊት ሦስት ዋጋ ለየብቻ ይጠይቁ፦ የመታያው፣ ናሙና የመውሰጃው፣ የፓቶሎጂው (ናሙናው በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት)። ብዙ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ከፍሎ ሦስተኛው ላይ ገንዘብ ያልቅበታል፤ ናሙናው ሳይመረመር መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

መሃል ከተማ ላሉ ጥቁር አንበሳ ቅርብ ነው፤ የካንሰር ሕክምናና የጨረር ክፍልም እዚያው አለ። ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ይታወቃል፤ ሰፊ ቆዳ ማንሳትና መለጠፍ ሲያስፈልግ ስሙ ይነሳል። አለርት ሆስፒታል ከመሃል ወጣ ብሎ ዘነበወርቅ ነው፤ ከሜክሲኮ ወደ አየር ጤና በሚሄደው ታክሲ ይደርሳሉ። በሥጋ ደዌ ሕክምና ስለተነሳ አንዳንድ ሰው እዚያ መታየት ይከብደዋል። ዛሬ ግን ማንኛውም የቆዳ ችግር የሚታይበትና የቆዳ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ቦታ ነው፤ በይሉኝታ መቅረት አያዋጣም።

ከቀጠሮው በፊት ምን ላድርግ?

- እንሶስላና ሂና ከእጅና ከእግር ይለቁ። ሠርግ ወይም በዓል ካለ ቀለሙን ከቀጠሮው በኋላ ያድርጉት፤ የመዳፍና የውስጥ እግር መስመር ላይ ያለውን ቀለም ሐኪሙ መለየት ያቅተዋል። የጥፍር ቀለምና አርቴፊሻል ጥፍርም እንዲሁ ይውጣ።
- ምልክቱ ራስ ላይ ከሆነ ሹሩባውን ፈትተው፣ ቅቤ ሳይቀቡ ይምጡ።
- ፊት ላይ ከሆነ ሜካፕ አይቀቡ። የሚያቀላ ክሬም ይጠቀሙ ከነበረ ስሙን አይደብቁ፤ ስቴሮይድ ያለበት ክሬም የምልክቱን መልክ ይቀይራል።
- ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው በቀን ብርሃን አንድ ከቅርብ፣ አንድ ከሩቅ ፎቶ ያንሱ። የቆየ ፎቶ ካለ ይፈልጉ፤ የምርቃት ወይም የሠርግ ፎቶ ላይ ምልክቱ ከታየ ከሐኪሙ ጥያቄ ግማሹን ይመልሳል።
- የሚወስዱትን መድኃኒት ከነማሸጊያው ይያዙ። አስፕሪን ወይም ዋርፋሪን ከሆነ ይንገሩ እንጂ በራስዎ አያቋርጡ።
- ቁርስ ይብሉ። የአካባቢ ማደንዘዣ ባዶ ሆድ አይፈልግም። ጾም ላይ ሆነው እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ለነርሷ ይንገሩ፤ ባዶ ሆድ፣ ፍርሃትና መርፌ ሲገናኙ ሰው ራሱን ይስታል።

ሐኪሙ ምን ያደርጋል?

መጀመሪያ ይጠይቃል፦ መቼ ወጣ፣ ምን ተለወጠ፣ ይደማል፣ ያሳክካል፣ ከቤተሰብ ማን ነበረው፣ ምን ተቀባበት። ቀጥሎ ደርማቶስኮፕ በሚባል፣ ብርሃን ባለውና 10 እጥፍ በሚያጎላ መሣሪያ ያየዋል። አይወጋም፣ አያምም። ውስጥ እግርና መዳፍ ላይ የቆዳው አሻራ መስመሮች ይታያሉ፤ ቀለሙ በመስመሮቹ ጎድጓዳ ላይ ካረፈ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፣ በጉብታው ላይ ከሮጠ ግን ያጠራጥራል።

ከዚያ የቀረው ገላዎ መታየት አለበት። ፊትዎ ላይ ላለ ምልክት መጥተው «ካልሲዎን ያውልቁ» ቢባሉ አይገረሙ፤ ይልቅ ካልተባሉ ራስዎ ያውልቁ። ሴቶች ሲስተር አብራቸው እንድትገባ መጠየቅ ይችላሉ። በመጨረሻ ብብትንና ብሽሽትን ዳስሶ ንፍፊት መኖሩን ያያል፤ እግር ላይ ያለ ሜላኖማ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ብሽሽት ነው።

ወይን ጠጅ መልክ ያላቸው ወይም የጠቆሩ በርካታ እብጠቶች ከሆኑ የኤችአይቪ ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል። ብዙ ጊዜ ከኤችአይቪ ጋር የሚያያዘው፣ ካፖሲ ሳርኮማ የሚባለው በሽታ እግር ላይ እንደዚህ ሆኖ ስለሚወጣ እንጂ ስለ አኗኗርዎ ተጠርጥሮ አይደለም።

በደም ምርመራ ወይም በአልትራሳውንድ አይታወቅም?

አይታወቅም። ሜላኖማን የሚያረጋግጠው በማይክሮስኮፕ የታየ ሥጋ ብቻ ነው።

ናሙና አወሳሰዱ እንዴት ነው? ያማል?

የሚያመው የማደንዘዣው መርፌ ነው፤ ሊዶኬይን ሲገባ ለጥቂት ሰከንድ ያቃጥላል። ውስጥ እግርና ጣት ላይ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ያማል፤ ይህን አንሸፍንም። ከዚያ በኋላ መጎተትና መጫን ይሰማዎታል፣ ስለት ግን አይሰማም። ከተሰማዎ ይናገሩ፤ ማደንዘዣ ይጨመራል።

ተመራጩ ምልክቱን ሙሉውን፣ ዙሪያውን ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ደህና ቆዳ ጨምሮ፣ ከሥሩ ስብ ጋር ማውጣት ነው። ምልክቱ ሰፊ ከሆነ ወይም ውስጥ እግር ላይ ካለ 4 ወይም 6 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ መቁረጫ በጣም ከሚያጠራጥረው ቦታ ይወሰዳል። እንዲህ ያለው ናሙና «ደህና» ብሎ ቢመጣና ምልክቱ ግን መለወጡን ከቀጠለ ነገሩ አላበቃም፤ መቁረጫው ካንሰሩን ስቶት ሊሆን ስለሚችል ይደገማል። ከላይ ከላይ መላጨት ለሜላኖማ ጥርጣሬ ጥሩ አይደለም፤ ጥልቀቱ ከተቆረጠ በኋላ መለካት አይቻልም፣ ሕክምናው የሚወሰነው ደግሞ በጥልቀቱ ነው።

ጥፍር ከሆነ ጣቱ ሥሩ ላይ ይደነዝዛል፣ ጥፍሩ ይነሳል፣ ከሚበቅልበት ሥር ትንሽ ሥጋ ይወሰዳል። ጥፍሩ ሲመለስ ሊሰነጠቅ ወይም ሊጣመም ይችላል፤ ከመስማማትዎ በፊት ይህን ይወቁ።

ሥራው ራሱ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። ወረፋው ነው ቀኑን የሚፈጀው።

«ምላጭ ከነካው ይሰራጫል» ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ናሙና መውሰድ ሜላኖማን አያሰራጭም። ወሬው የመጣው ሰው ሐኪም ጋ የሚሄደው ሲብስበት ስለሆነ ነው፤ ተቆርጦ በወራት ውስጥ ሲሞት ጥፋቱ በምላጩ ይላከካል፣ ካንሰሩ ግን ቀድሞ ብብት ወይም ብሽሽት ደርሶ ነበር።

ውበት ሳሎን ወይም ሌዘር ቤት ባስነሳውስ?

እዚህ ላይ ጠንከር እንላለን፦ የሚለወጥ ጥቁር ምልክት በሌዘር፣ በኤሌክትሪክ፣ በአሲድ፣ በጋለ ብረት ወይም በፀጉር ክር አይነካ። የላዩ ቀለም ይጠፋል፣ ሥሩ ግን ይቀጥላል፤ የሚመረመር ሥጋም አይቀርም። ከዓመት በኋላ እብጠቱ ጠባሳው ሥር ሲመጣ፣ መጀመሪያ የነበረው ምን እንደሆነ ማንም ሊናገር አይችልም። ባህላዊ መድኃኒት የተቀባ ቁስል ደግሞ ናሙናውን ያበላሻል፤ የተቃጠለ ሥጋ ማይክሮስኮፕ ሥር ተጨማዶ ይታያል።

ጸበል ከምርመራ ጋር አይጋጭም። ጊዜውን ብቻ ያስተካክሉ፦ ከቀዶው በፊት፣ ወይም ስፌቱ ከወጣ በኋላ።

አንድ ሰው ማንኛውንም ምልክት ሊያነሳልዎ ከተስማማ «ወደ ፓቶሎጂ ይላካል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «አያስፈልግም» ከሆነ ምክንያቱን በግልጽ የሚያስረዳዎ የቆዳ ሐኪም ካልሆነ በቀር ሌላ ቦታ ይሂዱ።

ናሙናውን ራሴ ወደ ላቦራቶሪ እንድወስድ ተሰጠኝ። ምን ልጠንቀቅ?

ከተማችን ውስጥ የተለመደ ነው፣ ብዙ ነገር የሚበላሸውም እዚህ ጋ ነው። ሥጋው ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ ሙሉ በሙሉ መጥለቅ አለበት፤ የፈሳሹ መጠን ቢያንስ የሥጋውን 10 እጥፍ ይሁን። ጨው ውሃ ወይም አልኮል ምትክ አይሆንም፤ ደርቆ በጎዝ የተጠቀለለ ሥጋ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ይበሰብሳል። ማቀዝቀዣ አያስፈልግም፣ በረዶ ቤት ከገባ ይበላሻል። ዕቃው አፉ ሰፊ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ ይሁን፤ ፎርማሊን ዓይንና አፍንጫ ስለሚያቃጥል ታክሲ ውስጥ አይክፈቱት፣ ልጅ አያስይዙ።

ክዳኑ ላይ ሳይሆን ብልቃጡ ጎን ላይ ስምዎ እስከ አያት፣ የካርድ ቁጥርዎና ቦታው («ግራ ውስጥ እግር») ይጻፍ። ክዳን ይለዋወጣል፤ የራስና የአባት ስም ብቻ ከሆነ ደግሞ በዚያው ቀን ሞክሼ አይጠፋም። የመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ ዕድሜዎ፣ ምልክቱ የቆየበት ጊዜና የሐኪሙ ጥርጣሬ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ፓቶሎጂስቱ እርስዎን አያይዎትም፣ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ብልቃጡን ሲያስረክቡ የመለያ ቁጥር ተቀብለው በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

ውጤቱ ስንት ቀን ይፈጃል?

ሥጋው ፎርማሊን ውስጥ ቢያንስ አንድ ሌሊት ያድራል፣ ከዚያ በሰም ይደፈናል፣ በስሱ ይቆረጣል፣ ቀለም ይገባል። ስለዚህ በማግስቱ ውጤት አይጠብቁ፤ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ያስቡ። ጥቁር ቀለም የበዛበት ናሙና ተጨማሪ ልዩ ቀለም ሊፈልግ ይችላል፣ ያኔ ይዘገያል። መዘግየት የመጥፎ ውጤት ምልክት አይደለም። ስልክ እስኪደወል ግን አይጠብቁ፤ ቀኑን ጠይቀው ሄደው ይውሰዱ። ወስደውም ቤት አያስቀምጡት፣ ናሙናውን ለወሰደው ሐኪም ያሳዩ።

ወረቀቱ ላይ ምን እፈልግ?

ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሐኪሙ ፊት ሆነው እነዚህን ይጠይቁ። ቢናይን (ደህና) ነው ወይስ ማሊግናንት (ካንሰር)? ማርጂኑ፣ ማለትም የተቆረጠው ጠርዝ፣ ንጹሕ ነው? ሜላኖማ ከሆነ ብሬስሎው የሚባለው ጥልቀት ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ላዩ ቆስሏል?

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ጥልቀቱ ነው። 1 ሚሊ ሜትር የጤፍ ፍሬ ያህል ነው፤ ከዚያ በታች የተያዘ ሜላኖማ በአብዛኛው በቀዶ ብቻ ይድናል፣ 4 ሚሊ ሜትር ያለፈው ግን የመሰራጨት ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ጥልቀቱ ያልተጻፈበት ሪፖርት ከሰጡዎት ሐኪሙ መልሶ እንዲያስጠይቅ ይንገሩት። ሌላ ፓቶሎጂስት እንዲያየውም በሰም የተደፈነው ሥጋና ማይክሮስኮፕ ሥር የታየበት መስታወት ተቀምጠው ስለሚቆዩ በፊርማ ማውጣት ይቻላል።

ሜላኖማ ነው ቢባልስ?

ሁለተኛ ቀዶ አለ። የመጀመሪያው ጠባሳ ዙሪያውን በስፋት ይነሳል፦ ጥልቀቱ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ 1 ሳንቲ ሜትር፣ ከ2 ሚሊ ሜትር ካለፈ 2 ሳንቲ ሜትር፣ በመሃል ላለው ከ1 እስከ 2። ውስጥ እግር ላይ ቆዳው ስለማይበቃ ከጭን ተወስዶ ሊለጠፍ ይችላል፤ ጥፍር ሥር ከሆነ የጣቱ ጫፍ ሊቆረጥ ይችላል። ብሽሽት ወይም ብብት ውስጥ የሚዳሰስ ንፍፊት ካለ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል። ለተሰራጨ ሜላኖማ ዓለም ላይ ያሉት አዳዲስ የበሽታ መከላከያ ማነቃቂያ መድኃኒቶች በጣም ውድ ናቸው፣ አገር ውስጥም እንደልብ አይገኙም። ቶሎ ይታዩ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቁስሉን እንዴት ልያዝ?

የመጀመሪያውን 24 እስከ 48 ሰዓት ውሃ አያስነኩት። ከደማ በንጹሕ ጨርቅ 15 ደቂቃ ሙሉ፣ እየገለጡ ሳያዩ፣ ይጫኑት። ስፌት ፊት ላይ ከ5 እስከ 7፣ ሌላ ገላ ላይ ከ10 እስከ 14 ቀን ይወጣል፤ ውስጥ እግር 14 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ቀዶው እግር ላይ ከሆነ ሰፊ ነጠላ ጫማና የሚደግፍ ሰው ይዘው ይምጡ፤ ክረምት ከሆነ የመርካቶ ጭቃ እስኪያልፍ ከሥራ ፈቃድ መውሰድ ያስቡ። ከ3ኛው ቀን በኋላ መቅላት፣ መሞቅ፣ መግል ወይም ትኩሳት ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይመለሱ። ቡና፣ ቅቤ፣ ማር ቁስሉ ላይ አይደረግ።

ደረት፣ ትከሻ ወይም ጆሮ ላይ ከሆነ ኬሎይድ ማለትም የሚያድግ ጠባሳ ሊወጣ ይችላል። ከዚህ በፊት ወጥቶብዎ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ ገና ማበጥ ሲጀምር የስቴሮይድ መርፌ ይሠራለታል፣ ካረጀ ያስቸግራል።

አልቢኒዝም ያለበት ልጅ አለን። የእሱስ?

የእሱ ስጋት ሌላ ነው፤ ጥቁር ምልክት ሳይሆን ፊት፣ ጆሮ፣ አንገትና ከንፈር ላይ የሚሰነጠቅ፣ ቅርፊት የሚይዝ፣ የማይድን ቁስል ይፈልጉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ወደ 10 በመቶ ይጨምራል፣ ብርዱ ግን ያዘናጋል። ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌ፣ ኤስፒኤፍ (የፀሐይ መከላከያ መጠን) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ክሬም በየ2 ሰዓቱ፣ በዓመት ቢያንስ ሁለቴ የቆዳ ሐኪም።

ውጤቱ ደህና ነው ተባልኩ። ወረቀቱን ልጣለው?

አይጣሉት። ደህና የነበረ ምልክት ሙሉ በሙሉ ካልወጣ ጠባሳው መሃል ላይ ጥቁር ቀለም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ዳግም የበቀለ ቀለም ማይክሮስኮፕ ሥር ሜላኖማ ሊመስል ይችላል። ያኔ አዲሱን ናሙና የሚያየው ፓቶሎጂስት የመጀመሪያውን ሪፖርት ካላገኘ ሳያስፈልግ ሰፊ ቀዶ ሊታዘዝብዎ ይችላል። ዋናውን ከካርድዎ ጋር ያስቀምጡ፣ ፎቶውን ስልክዎ ላይ ይያዙ፣ አንድ ኮፒ ለሚቀርብዎ ሰው ይስጡ።